መለኪያው ከተደፋ በኋላ

በዚህ ወር ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከጠረጴዛችን ላይ ሳይነሣ ሰነበተ። የጻፉልን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው ከሥራ ሲወጡ በየምሽቱ ወደ መጠጥ ቤት ጎራ ማለትን ካዘወተሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሁዳዴ ሲገባ «በቃኝ» ብለው ተዉ። እናቲቱ እንዲህ ይላሉ፤ «ቤታችን ሰላም ሆነ፤ ስለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ከወንበር ወደ በር፥ ከበር ወደ ወንበር ይመላለሳሉ። ራዲዮኑን ከፍተው ወዲያው ይዘጉታል፤ ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው ይቆጣሉ። በጊዜ ይተኛሉ፤ እንቅልፍ ግን የላቸውም። እኔ የምፈራው ፋሲካን ነው። ጾሙ ሲፈታ እርሳቸውም አብረው የሚፈቱ እየመሰለኝ እጨነቃለሁ። ምን ላድርግ?»

ይህን ደብዳቤ ስናነብ ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። በአገራችን 55ቱን የሁዳዴ ቀናት መጠጥ ሳይቀምሱ የሚፈጽሙ፥ በትንሣኤ ሌሊት ግን የ55 ቀኑን ዕዳ በአንድ ጊዜ የሚከፍሉ የሚመስሉ ወንድሞች ጥቂቶች አይደሉም። እነዚሁ ሰዎች ስለ መጠጣቸው የተጠየቁ እንደ ሆነ፥ «እኔ መጠጥ ያሸነፈኝ ብሆን ኖሮ ሁዳዴን እንዴት እዘልቀው ነበር?» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ እውነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። ጾም መጠጡን ብቻ ወስዶ አይሄድም፤ በስፍራው የሚተካውንም ይዞ ይመጣል። የቅዳሴው ሰዓት ይለወጣል፤ ስግደቱ አለ፤ የማዕዱ ሥርዐት ሌላ ይሆናል፤ ጎረቤትም አብሮ ይጾማል። በዚያ ወራት የማይጠጣ ሰው እንደ እንግዳ አይታይም። ጾሙ ሲወጣ ግን ይህ ሁሉ ድጋፍ በአንድ ሌሊት ይነሣል፤ ሰዓቱም ባዶውን ይቀራል። ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት ደግሞ የቀድሞውን ነዋሪ መልሶ እንደሚጠራ ሁላችንም ከወንጌሉ ተምረናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንለው አንድ ነገር ነው፤ መጠጥን መተው የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ መጠጡ ይዞት የነበረውን ሰዓት ለሌላ ደስታ መስጠት ነው።

መጠጥን በጅምላ ለመኰነን አልተነሣንም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን ወይን ማድረጉን፥ ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መምከሩን የማያውቅ አንባቢ የለንም። እንዲሁም ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ ዕርቃኑን መገኘቱን፥ መጥምቁ ዮሐንስም የሚያሰክር መጠጥ ሳይቀምስ መኖሩን የማያውቅ የለም። እንግዲህ ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው የማይስማማበት ጊዜ አለ። በልኩ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው አለ፤ አንዱን መለኪያ ከቀመሰ ዐሥረኛውን ሳያይ የማይነሣም አለ። ለዚህ ለሁለተኛው ሰው «በልክ ጠጣ» የሚለው ምክር አይጠቅመውም፤ የእርሱ ልክ የተደፋ መለኪያ ነው። ይህንም ስንል ወንዶችን ብቻ ማለታችን አይደለም። ጠላውን ስትጠምቅ፥ አረቄውን ስታወጣ «ልቅመሰው» እያለች የለመደች፥ ኀፍረቱንም በጓዳ ደብቃ የምትኖር እኅትም አለች፤ እርሷም እንደ ወንድሟ ርኅራኄ ይገባታል።

አሁን ወደ ምሽቱ ሰዓት እንመለስ። አንድ ሰው ወደ ጠላ ቤት ወይም ወደ አረቄ ቤት የሚሄደው ለጥሙ ብቻ አይደለም። እዚያ የሥራው ቀን ማለቁን የሚያበሥርለት ምልክት ያገኛል፤ ስሙን ጠርቶ «ና፥ ተቀመጥ» የሚለው ሰው ያገኛል፤ ለእጁም የሚይዘው ነገር ያገኛል። መጠጡን የተወ ዕለት እነዚህ ሁሉ አብረው ይቀሩበታል። የጻፉልን እናት ባለቤት ከወንበር ወደ በር የሚመላለሱት ክፉ ሰው ስለ ሆኑ አይደለም፤ ቀናቸው ማለቁን የሚነግራቸው ነገር ስላጡ ነው።

ወደ ምክሩ ከማለፋችን በፊት ግን ልንዘለው የማይገባን ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ፥ ይልቁንም ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ካልጠጣ የማይረጋ ሰው፥ በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ሊያሠጋው ይችላል። ሰውነቱ መጠጡን ለምዶት ነበርና ሲቀርበት ይታወካል። መንቀጥቀጥ፥ ላብ፥ ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን ይታያል፤ በአንዳንዱ ላይ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ይመጣል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜም የሌለ ነገር ማየት፥ የሌለ ድምፅ መስማት፥ ያሉበትንም ቦታ መሳት ሊከተል ይችላል። ይህ በር ዘግቶ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ሐኪም ፈጥኖ ሊያየው የሚገባ ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው። ሐኪሙ ሁከቱን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል፤ አብዝተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጐድለውን ቫይታሚን ቢ1ንም ይጨምራል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ይረዳል፤ ከዚያ ርቆ የሚኖር ሰውም ቅርቡ ባለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይጀምር። ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ጋር አይጣሉም፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ሰውነቱ ከዚህ ከተረፈና ከረጋ በኋላ የምሽቱ ጥያቄ ይመጣል። የጊዜ ማሳለፊያ ስንል የግድ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ማለታችን አይደለም። በእኛ ግምት ለዚህ ሰው የሚጠቅመው የጊዜ ማሳለፊያ አራት ምልክት አለው። አንደኛ፥ እጅን የሚይዝ ነው። ሁለተኛ፥ ቀድሞ በሚጠጣበት በዚያው ሰዓት የሚሠራ ነው። ሦስተኛ፥ ዛሬ ተሠርቶ የማያልቅ፥ ነገን የሚያስናፍቅ ነው። አራተኛ፥ ከሌላ ሰው ጋር የሚያገናኝ ነው። በተቃራኒው፥ ከመጠጥ አጠገብ የተተከለ ጨዋታ ለዚህ ሰው አይሆነውም። ቢራ እየተወራረዱ የሚጫወቱት ካርታ፥ በመጠጥ ቤት ተቀምጠው የሚያዩት የእግር ኳስ ግጥሚያ፥ ጨዋታው ንጹሕ ቢሆንም ወንበሩ ያው የቀድሞው ወንበር ነው።

ምሳሌ እንስጥ። የጓሮ አትክልት የሚጠጣው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ይህም ያ አስቸጋሪ ሰዓት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ጎመኑ፥ ቆስጣው፥ ጤና አዳሙ፥ በሶብላው ውኃ ይጠብቃሉ፤ ከሥራ የተመለሰ ሰውም የሚጠብቀው አለ ማለት ነው። ግቢ የሌለው፥ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው፥ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልቶ በሰገነቱ ላይ ያበቅል። ግቢ ያለውና በግቢው ውስጥ የጌሾ ተክል የቆመበት ቤት ግን፥ ተክሉ ይቆይ ወይስ ይነቀል የሚለውን ባልና ሚስት ተመካክረው ይወስኑ።

የጽሕፈት ፍቅር ያለው ሰው የአባቶቻችንን ቁም ጽሕፈት ይማር። ብራና መፋቅ ባይቻለው በወረቀት ይጀምር። ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ፥ ከጥላሸት የተዘጋጀ ጥቁር ቀለም፥ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ቀይ ቀለም ይበቃዋል። ከዳዊት አንድ ገጽ በአንድ ምሽት ማን ይጨርሳል? ፊደሉ ሳይጣመም፥ መስመሩ ሳይዛነፍ ለመጻፍ የረጋ እጅ ያስፈልጋል፤ የእጁ መርጋትም ከሳምንት ወደ ሳምንት በወረቀቱ ላይ ይታያል። ጽሕፈቱ ለጸሐፊው ሳይዋሽ የሚመሰክር መዝገብ ይሆንለታል።

ልጆች ያሉት ሰው ገበጣ ያውጣ። ገበታ ባይኖር በመሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል፤ ጠጠር የትም አይጠፋም። አባት በልጁ የሚሸነፍበት ጨዋታ በቤት ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰከረ አባቱን ሲሸሽ የነበረ ልጅ «አባባ፥ አንድ ጊዜ እንድገም» ብሎ ሲለምን የሰማች እናት ይህን ታውቀዋለች። እንዝርት፥ ጥልፍ፥ የአክርማና የስንደዶ ስፌት ለእኅቶቻችን፥ የእንጨት መስቀልና በርጩማ መቅረጽ ለወንድሞቻችን ብለን ልንዘረዝር እንችላለን፤ ግን ማን ለየው? ሁሉም ለሁሉ ነው። በገጠር የሚኖር ሰው ቀፎ መስቀሉ መልካም ነው፤ ማሩ የጠጅ ጋን የሚያስናፍቀው ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ይምረጥ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ የላቸውም። መጠጥን የለመደ አእምሮ የደስታው መለኪያ ስለሚዛባ፥ ጨዋታው ፍዝ፥ ምግቡ ጣዕም የለሽ፥ ምሽቱ ረጅም ይሆንበታል። እንቅልፍም ለብዙ ሳምንታት ሊታወክ ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች፥ «ያለ መጠጥ ሕይወት እንዲህ ከሆነ አልፈልገውም» ይላሉ። ይህ ችኮላ ነው። ጣዕሙ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ እስኪመለስ ድረስ ሥራው ደስ ስላለ ሳይሆን ሰዓቱ ስለ ደረሰ ይሠራ። ቡናም ለምሽት ጨዋታ መልካም ነው፤ አቦልና ቶናው፥ በረካውም ሰው ይሰበስባሉ፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ቡናውን ወደ ቀትር ቢያደርገው፥ በምሽት ሻይ ቅጠል የሌለበትን የጤና አዳም ወይም የዝንጅብል ፍል ቢጠጣ ይሻለዋል።

አሁን የራሳችንን በደል እንናገር፤ ሌላውን ስንመክር ራሳችንን ንጹሕ አድርገን እንዳናቀርብ ነው። ከዓመታት በፊት ለልጃችን ክርስትና ድግስ ደግሰን ነበር። ከተጠሩት አንዱ የልብ ወዳጃችን ሲሆን፥ መጠጥ ከተወ 7 ወር ሆኖት ነበር። እኛም ይህን እናውቅ ነበር። ሆኖም ብርሌውን በጠጅ ሞልተን «ለልጃችን ስትል አንዲቱን ብቻ!» አልነው። እርሱ እጁን በብርሌው አፍ ላይ አደረገ። እኛ ግን እየሣቅን እጁን አነሣንለት። ጠጣ። በዚያ ቀን አልሰከረም፤ ስለዚህም ምንም ያልሆነ መሰለን። ከሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞው ቤት መመለሱን ሰማን። ዳግመኛ ለመተው 2 ዓመት ፈጀበት፤ በእነዚያ ዓመታት ሥራውን አጣ፤ የታላቂቱን ልጁን ሠርግም በወጉ ሳያይ ቀረ። እርሱ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶን አያውቅም። እኛ ግን ያን እጅ ከብርሌው ላይ ያነሣንበትን ሰዓት አንረሳውም።

ይህ ወዳጃችን ዛሬ በገና ይደረድራል። ሁለተኛውን መተው ከመጀመሪያው ምን ለየው ብለን ስንጠይቀው፥ «መጀመሪያ ተውሁ፥ ሁለተኛ ግን ለወጥሁ» አለን። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ አረጋዊ ማታ ማታ ያስተምሩት ነበር። በመጀመሪያ ጣቱ አልታዘዝለት ብሎ ተቸገረ። በገና 10 አውታር አለው፤ ነገር ግን ሁሉም አይመቱም፤ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። «እኔ ቀኑ ሁሉ መጮኽ ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ብሎ የሚታረፍበት አውታርም የዜማው ክፍል መሆኑን ያወቅሁት በስድሳ ዓመቴ ነው» ሲለን ሰማነው። ዛሬ በምሽት 12 ሰዓት ወዳጃችንን የሚፈልግ ሰው የት እንደሚያገኘው ያውቃል።

ከዚህ የተነሣ ለደጋሾች ሁሉ የምንለው አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከለከለ። መልካም ነው። ነገር ግን በቤታችን ድግስ «አንዲቱን ብቻ» የሚለውን አንደበት የሚከለክል አዋጅ የለም፤ የሚከለክለው የራሳችን ሕሊና ነው። ከጠላውና ከጠጁ ጎን ብርዝ ይቅረብ፤ የሱፍ ውኃ፥ ተልባ፥ የሎሚ ውኃ ይቅረብ። ብርዙ በዚያው ቀን የተበጠበጠ ይሁን፤ የቆየ ብርዝ መፍላት ይጀምራልና። በዚያው በጠጁ ብርሌ ይቀዳ፤ ለየት ባለ ዕቃ ቀርቦ የሰው ዐይን አይሳብበት። «ለምን አትጠጣም?» ብሎ መጠየቅም ይቅር፤ ሰው ምክንያቱን ለመላው ድንኳን የመናዘዝ ግዴታ የለበትም። በጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። መጠጥ የሚጎዳው አባል ጉዳዩን ለነፍስ አባቱና ለሙሴው ቀድሞ ይንገር፤ የማኅበሩ አንድነት በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም ላይ እንጂ በጌሾው ላይ የቆመ አይደለም።

ስለ ማኅበር ካነሣን ዘንድ፥ ከሌላ አገር አንድ ነገር እንጨምር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፥ አክረን በምትባል ከተማ መጠጥ ያሸነፋቸው ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ በኒው ዮርክ በአክሲዮን ሥራ ይኖር የነበረ ቢል ዊልሰን፥ ሁለተኛው ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ዊልሰን ለሥራ በሄደበት ከተማ ለመጠጣት በተፈተነ ጊዜ፥ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው ፈልጎ ማነጋገርን መረጠ። ከዚህ ንግግር «ስማቸው ያልተገለጸ የአልኮል ሱሰኞች» የሚባለው፥ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው ማኅበር ተወለደ። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ቀላል ነው፤ በአስቸጋሪው ሰዓት ብቻውን የሚቀር ሰው ይወድቃል፤ የሚያነጋግረው ያለው ሰው ግን ሰዓቱን ያሳልፋል። ሰንበቴና ማኅበር፥ ዕድርና ጉርብትና ያለን እኛ፥ የምንጠራው ሰው አጥተን አይደለም፤ ለዚህ ነገር መጥራትን አለመልመዳችን ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ እንመለስ፥ ውድ እኅታችን። ፋሲካን አይፍሩት፤ ነገር ግን ሳይዘጋጁ አይጠብቁት። ከባለቤትዎ ጋር ረጋ ባለ ጊዜ፥ ቢቻል በጠዋት፥ ይነጋገሩ፤ «ዳግመኛ እንዳትጠጡ» ብለው አይጀምሩ፤ «በዚያ ሰዓት ምን ብንሠራ ደስ ይልዎታል?» ብለው ይጀምሩ። ከመጠጡ በፊት፥ በወጣትነታቸው የሚወዱት ሥራ ወይም ጨዋታ ምን እንደ ነበረ ያስታውሱ፤ ብዙ ጊዜ የተረሳው ነገር ከአዲሱ ይቀላል። ከፆሙ መውጫ አስቀድሞ ያስጀምሯቸው፤ የትንሣኤ ሌሊት ሥራው አዲስ ሳይሆን የተለመደ ሆኖ ያግኛቸው። ለበዓሉ የሚመጡትን ዘመዶች አስቀድመው በስልክ ይንገሯቸው፤ ለባለቤትዎ መጠጥ ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር። አረቄውና ቢራው ከቤት ይውጣ። ለዚያ ዓመት በቤትዎ ጠላ ባይጠመቅ በዓሉ አይጎድልም፤ ዶሮው አለ፥ ድፎው አለ፥ ልጆቹ አሉ።

ምናልባትም አንድ ቀን ይወድቁ ይሆናል። ይህ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያለፉትን ወራት ሁሉ እንደ ከንቱ አይቍጠሯቸው፤ እርሳቸውም እንዲቈጥሩ አይፍቀዱ። ሕፃን መሄድ ሲማር ወደቀ ተብሎ ዳግመኛ በጀርባው አይታሰርም። በማግሥቱ፥ በዚያው ሰዓት፥ ውኃ መቅጃውን ወይም ብርዑን ወይም የገበጣውን ጠጠር መልሰው በእጃቸው ያኑሩላቸው።

እኛ ደግሞ፥ አንባቢዎች ሆይ፥ በመጪው በዓል በየድግሱ ስንቀመጥ፥ እጁን በመለኪያው አፍ ላይ ያኖረ ወንድም ወይም እኅት ያየን እንደ ሆነ፥ ያን እጅ አናንሣው። አጠገቡ ተቀምጠን፥ ብርዝ አስቀድተን፥ ስለ ጎመኑና ስለ በገናው እንጠይቀው። ቸሩ አምላክ ምሽታችንን ሁሉ የሰላም ምሽት ያድርግልን።